አባዬ ከወንበራቸው ሲነሱ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለካሳሁን ይሻው፣
አቡ ዳቢ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገቤን ያዘኝ ያልከኝ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ እየዋልክ ታባብሰዋለህ? ገነትስ እንዴት ናት? የፊት ጥርሱ ወልቆ የሚስቀው ማሩስ? በዚያ ሙቀት ልጁ እንዴት ይሆን እያልኩ እዚህ በደብረ ታቦር ብርድ ጋቢ ተከናንቤ የምጨነቀው እኔ ነኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በጤና አለን። ስለ ናፍቆት ምንም አልጽፍልህም፤ ከጀመርኩት ወረቀቱ በእሱ ብቻ ያልቃል፣ እኔ ደግሞ ሌላ ብዙ የምነግርህ አለኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ አንተ ታላቅ ነህ፤ ገና አፌን ስከፍት «ገብቶኛል፣ ጨርሼዋለሁ» ትላለህ፣ ቀጥሎ መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። የፈሪዳ ወንድም አብዱ ለእረፍት መጥቶ ወደዚያው ስለሚመለስ በእጁ ልኬልሃለሁ። በል እንግዲህ ሻይህን ይዘህ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እስከ መጨረሻው ሳትደርስ ደግሞ እንዳትደውልልኝ።

የምጽፍልህ ስለ አባዬ ነው። በጥቅምት የወደቁ ጊዜ አንተ «ለፋሲካ መጥቼ አዲስ አበባ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አስገባቸዋለሁ፣ እዚያ ነርስ አለ» ብለህ ቆረጥክ። በክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ። ሰው ሩቅ ሀገር ሆኖ አባትህ ወደቁ ሲባል የሚያደርገው ይጠፋዋል። ለአባዬ ስነግራቸው «ልጄ ካለ ምን ይደረጋል» አሉ። ታውቃቸዋለህ፣ እምቢ ማለት አልፈጠረባቸውም። አንድ ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ ሳሎኑ በር አስጠግቼላቸው ሳለ ራሳቸው ጠርበው የሠሩትን መቃን በቀኝ እጃቸው ሲዳስሱ አየኋቸው። «ቤቱን የሚከራይ ሰው ሲመጣ በሩን እንዳይነቅለው ንገሪው» አሉኝ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። እና ይህን ውሳኔህን እንደገና እንድታስብበት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ያኔ ልክ ነበርክ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን አላየህም።

መቼም ፈሪዳን ልጅ ሳለች ታውቃታለህ፤ ከገበያው በላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ኸድር ልጅ ናት። ኩዌት ሄዳ አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት እስኪሞቱ ድረስ ስታስታምም ኖራ ተመለሰች። ሌላው ከዓረብ ሀገር ሲመለስ ሱቅ ይከፍታል። እሷ ሴቶች ልጆችን እያሠለጠነች ቤት ለቤት ሕሙማንና አረጋውያን የሚያስታምሙ ሰዎች የምትልክበት ድርጅት ከፈተች። ሰዉ ሳቀባት። አባቱን በቅጥር ሰው የሚያስታምም ምን ዓይነት ልጅ ነው ተባለ። ከሚስቁት አንዷ እኔ ነበርኩ፣ አባዬን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው እስኪደክም ድረስ። የስፌት ቤቴን ዘግቼ ቤት ብውል ምን ልንበላ ነው? ሄጄ የፈሪዳን በር አንኳኳሁ፤ እሷም ማሬን ላከችልን።

ማሬ ከገሳይ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም። ስትናገር ድምጿ አይሰማ፣ ስትሄድ ኮቴዋ አይሰማ። ሥልጠናውንም ከጓደኞቿ ሁሉ በላይ አልፋ ነው የጨረሰችው። ሥልጠናው ያኔ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከባሕር ዳር የመጣ አሠልጣኝ ግድግዳ ላይ ምስል እያበራ ያስረዳል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ተፈትነው የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ ነው። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠቱን፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ ማገላበጡን ማሬ የተማረችው ከእሱ ነው፣ ይዛዋለችም። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልጋ የለም፣ በር የለም፣ እንደ አባዬ ያለ ሰው የለም።

ከዚያ ያ የጥቅምት ቀን መጣ። ማሬ አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቁርስ ልታበላቸው ስትል የንስሐ አባታችን መምሬ ደምሴ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ማሬ ምን ታድርግ? ቄስ መስቀል ይዘው ገብተው እሷ ተቀምጣ ታብላ? ሳህኑን አስቀምጣ ወደ በሩ ሮጠች፣ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች። አባዬስ ምን ያድርጉ? ዕድሜ ልካቸውን ለሕፃን እንኳ ሲነሱ የኖሩ ሰው የንስሐ አባታቸው ሲገቡ ቁጭ ይበሉ? «ኖር» ብለው ብድግ አሉ። ማሬ ግንባሯ መስቀሉ ላይ ሳለ ነው ከኋላዋ ሲወድቁ የሰማችው። ቅንድባቸው ተተረተረ፣ የእጃቸው አንጓ አበጠ። እግዚአብሔር ሲጠብቃቸው ዳሌያቸው ተረፈ። አሁን ሳስበው ሦስቱም ያደረጉት ያደጉበትን ነው፤ አንዳቸውም ነውር አልሠሩም።

ያን ጊዜ ግን ይህ መች ታየኝ? ቁጣዬ ቅርብ መሆኑን ታውቃለህ። ከስፌት ቤት በሩጫ መጥቼ ደሙን ሳይ ማሬ ላይ ያልወረደ ስድብ የለም። መምሬ «ልጄ፣ ሳላንኳኳ የገባሁት እኔ ነኝ» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። ማሬ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ደጅ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ፈሪዳ ደረሰች። ልታባርራት ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ብታባርራትም ደስ ባለኝ ነበር። ፈሪዳ ግን አጠገቧ ተቀመጠችና በሥልጠናው ላይ እንግዳ ሲመጣ ምን አድርጉ እንደተባሉ ጠየቀቻት። ማሬም ተነስታችሁ በትሕትና ተቀበሉ ተብለናል አለች። ታማሚውንስ ብትላት፣ ብቻውን አትተዉ ተብለናል አለች። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡስ አለቻት። ይህንን ማንም አልነገራትም። ፈሪዳ ወደኔ ዞራ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ «እታለም፣ ይህች ልጅ ያስተማርናትን ነው ያደረገችው። ያጠፋው ሥልጠናው ነው፣ ሥልጠናው ደግሞ የኔ ነው» አለችኝ። ወንድምዓለም፣ ድርጅት ያለው ሰው እንዲህ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። ቁጣዬ የሚያርፍበት አጥቶ እኔው ላይ ቀረ።

በማግስቱ መጥታ ፈቃዳችን ከሆነ ቤታችን ውላ እንድታይ ለመነችን። ስታስተምር የኖረችው የኩዌትን ቤት መሆኑን፣ የደብረ ታቦርን ቤት ግን ቁጭ ብላ አይታው እንደማታውቅ ነገረችን። ከዚያ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ስንት ቀን ከእኛ ጋር ዋለች። አትናገር፣ አታዝ፣ ዝም ብላ ማየት ብቻ። ሥራዋን ጥላ እዚህ ምን ታደርጋለች ብዬ በሆዴ አማኋት። ለካ እኔ በየቀኑ እየዋልኩበት ያላየሁትን እያየች ነው።

ማሬ በጨዋነቷ አባዬን ቀና ብላ አታያቸውም ለካ። ታላቅ ሰው ሲያናግራት ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ እንዲያ ነው ያሳደጓት። ስለዚህ ሲያማቸው ፊታቸው ላይ የሚመጣውን አታይም፤ እሳቸው ደግሞ አመመኝ አይሉም። በልጅቷ እጅ መጉረስ አሳፍሯቸው ጥቂት ቀመስ አድርገው «ጠገብኩ፣ ይባርክሽ» ሲሏት ታላቅ ሰው መከራከር ነውር ነው ብላ ሳህኑን ታነሳለች። በእሷ አክብሮትና በራሳቸው ይሉኝታ መካከል አባዬ ይራባሉ። እኔ ደግሞ ምግባቸው የቀነሰው በአዲስ አበባው ነገር ብቻ ይመስለኝና አንተን በሆዴ እራገምህ ነበር፣ ይቅር በለኝ።

የመነሳቱ ነገር ግን ከሁሉም ባሰ። ከውድቀቱም በኋላ ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ሊሉ ይቃጣቸዋል። ለጎረቤት ይነሳሉ፣ ለጎረቤት ልጅ ይነሳሉ፣ ወተት ለምታመጣልን ሴት ሳይቀር። መጀመሪያ ያሰብነው መከልከል ነበር። እኔ አይነሱ ብዬ ለመንኳቸው፣ ጠያቂዎችም ገና ከደጅ አይነሱ እያሉ ይገባሉ፤ ሰውነታቸው አይሰማ። ቢቸግረን ፈሪዳም እሺ ብላ ወንበሩን አዙረን ጀርባቸውን ለበሩ ሰጠናቸው። አባዬ ግን ሰው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ መምሰል ጀመሩ። ለሰው መነሳት ካልቻሉ ሰውየውን አለማየት ይሻላል ብለው ነው። ይህን ያየች ቀን ፈሪዳ በርጩማዋን ወደ ቦታው መልሳ ሳትሰናበተኝ ወጣች። ተስፋ ቆርጣ የሄደች መሰለኝ።

በማግስቱ ኢልያስ የሚባል የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ይዛ ከተፍ አለች። «አባባ መነሳታቸውን አይተዉም፤ እኛም ተዉ ማለት አልነበረብንም። እሳቸውን ማስነሳት መማር ያለብን እኛ ነን» አለችን። ወንበሩን ወደ በሩ መልሳ አዞረችው። ኢልያስ ረጋ ያለ፣ አባዬን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ልጅ የሚያናግር ሰው ነው። የወንበሩን እግር ከፍ አስደረገ፣ ወገባቸው ላይ ሰፊ መቀነት አሰረ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ማለትን፣ እግርን ወደ ኋላ መሰብሰብን፣ በቀኝ እጅ መደገፊያውን ይዞ ወደ ፊት ጎንበስ እያሉ መነሳትን አስተማራቸው። ማሬን ደግሞ በደከመው ጎናቸው በኩል ቆማ መቀነቱን እንድትይዝ እንጂ ክንዳቸውን እንዳትጎትት አሳያት። እኔም ተምሬዋለሁ፤ አሁን ብትወድቅ አንተንም አነሳሃለሁ።

ፈሪዳ ከዚህ ላይ ያወጣችው ደንብ ሰፈሩን ጉድ አሰኝቷል። ሰው ሲያንኳኳ የአስታማሚዋ ሥራ በር መክፈት አይደለም። ካለችበት ሆና ይቆዩ ትላለች፣ ወደ አባዬ ትሄዳለች፣ ቆመው ኖር ሲሉ ነው እንግዳው በሩን ገፍቶ የሚገባው። እንግዳ ደጅ ማቆም በኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ጎረቤቶቻችን ሰሞኑን ኮርተዋል ብለው አሙን።

ሥልጠናውንም ከሥሩ ለወጠችው። አዳራሹን ተወችና አንድ ቤት ተከራይታ እንደ ሰው ቤት አሰናዳችው፣ አልጋው፣ ወንበሩ፣ ደፉ ከፍ ያለው በር ሁሉ አለበት። የባሕር ዳሩ አሠልጣኝም ትምህርቱን አሁን የሚሰጠው እዚያ ነው፣ ደስ ብሎት። አንዲት ልጅ አስታማሚ ከመሆኗ በፊት ታማሚ መሆን አለባት። የመጀመሪያዋ ታማሚ ፈሪዳ ራሷ ነበረች። ግራ እጇን በሻሽ አስጠፍራ አልጋ ላይ ተጋደመችና አስታምሙኝ አለቻቸው። ውሃ ስትል ያመጡትን ብርጭቆ በታሰረው እጇ በኩል አስቀመጡላት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን ብርጭቆውን እያየች ዝም ብላ ተኛች፣ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ። ይህን የነገረችኝ እንደገና ልትሠለጥን የተመለሰችው ማሬ ናት። ተራዋ ደርሶ እሷም ስትተኛ ከሁሉ የከበዳት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሲያጎርሱኝ ዓይኔን አለማየታቸው» አለችኝ። በማግስቱ አባዬን ልታበላ ስትል «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀና ብዬ ላይዎት ነው» ብላ አየቻቸው። አባዬ ያን ቀን ሳህኑን ጨረሱ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ እኔ ቤት እያለሁ በሩ ተንኳኳ። መምሬ ደምሴ ናቸው፣ ጠበል ይዘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኳኳት ለምደዋል። ማሬ ከውስጥ «ይቆዩ አባ» አለች። ቄስ፣ ጠበል ይዘው፣ ፀሐይ ላይ! እኔ ራሴ ደንቡን ረስቼ ልሮጥ ብድግ ብዬ ነበር። ማሬ ቀና ብላ አየችኝና ቁጭ አልኩ። ያች ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ልጅ በዓይኗ ብቻ አስቀመጠችኝ። ከደጅ ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን ኧረ የምን ጉድ ነው፣ ቄስ ደጅ ይቆማሉ ስትል ይሰማል። ማሬ አልቸኮለችም። መቀነቱን ያዘች፣ አባዬ እግራቸውን ሰበሰቡ፣ ጎንበስ አሉ። አንዴ ተነስተው መልሰው ተቀመጡ። ማሬ «ይረፉ፣ እሳቸው ይቆያሉ» አለቻቸው። ሁለተኛ ጎንበስ አሉና ቆሙ። ነጠላቸውን በቀኝ እጃቸው አስተካከሉና «ኖር» አሉ።

መምሬ «በእግዜር» ብለው ገቡ። ማሬ መቀነቱን አለቀቀችም፣ መስቀል ለመሳለምም አልሄደችም። መምሬ ራሳቸው እስከ ወንበሩ መጥተው መጀመሪያ አባዬን፣ ቀጥሎ እሷን እዚያው በቆሙበት አሳለሟቸው። ከዚያ ለኔ «ልጄ፣ ብዙ ቤት ያለ ማንኳኳት ገብቻለሁ፤ እንዲህ ተከብሬ የተጠበቅኩበት ቤት ግን የለም» አሉኝ። አባዬ ያን ቀን ምሳ ላይ ወሬ አወሩ። እንዲህ ካወሩ ስንት ጊዜ ሆኗቸው ነበር መሰለህ፤ ስለ ድሮ ሥራቸው፣ ስለ አንተ ልጅነት፣ ስለ ሁሉም።

ፈሪዳ ይህን ስትሰማ አላመሰገነችንም፣ ሌላ ሥራ ይዛ መጣች እንጂ። አዳዲሶቹን ሠልጣኞች የሚፈትኗቸው አባዬ እንዲሆኑ ለመነቻቸው። አሁን ልጆቹ እየመጡ አባዬን ያስነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ያጎርሳሉ፤ አባዬ «በቅተሻል፣ ሂጂ» ያላሏት ልጅ ወደ ማንም ቤት አትላክም። አንዷ ሀዋ የምትባል ሠልጣኝ እንግዳ ሆና የአባዬን ጋቢ ተጀቡና ከደጅ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዋን ስትጠራርግ አባዬ በሳቅ መነሳት አቅቷቸው ፈተናው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ደግሞ ጥብቅ ፈታኝ ናቸው። ሰሚራ የምትባለዋን ልጅ እጅሽ ይቸኩላል ብለው መልሰዋታል፤ ከዚህ በፊት ሰው አሳዝነው የማያውቁት አባዬ! በኋላ ስጠይቃቸው «ከሰሞኑ ለአንድ በሽተኛ ሰው የምትላክ ናት፣ በይሉኝታ ላሳልፋት?» አሉኝ። ሰሚራም ሌላ ጊዜ ተመልሳ መጥታ አልፋለች። እነዚህ ልጆች ዛሬ በአንበሳሜና በሐሙሲት ከተሞች ጭምር እየተፈለጉ ነው። እኔ በፈሪዳ ስቄ የነበርኩት ሴትዮ አሁን ስሟን ያለ ምክንያት የሚያነሳብኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ታላቅ አንተ ነህ፣ የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው። እዚያ አዲስ አበባ ነርስ እንዳለ አምናለሁ። ግን እዚያ ማን ገብቶ ለማን ይነሳሉ? ለፋሲካ ስትመጣ መጀመሪያ እቤት ድረስና አባዬን ተመልከታቸው፣ ከዚያ ወሰን። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ። የአዲስ አበባውንም ቤት እስከዚያ ድረስ አትክፈልበት።

ለገነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለማሩ ሰፍቼ ከደብዳቤው ጋር የላክኩለት ሸሚዝና ሱሪ ቁመቱን ገምቼ ስለሆነ ረዝሞበት ከሆነ እጥፉን አስገቢለት በላት። ማሩን ጉንጩን ሳምልኝ፣ አክስትህ ጥርስህ ሲበቅል ስትስቅ ልታይህ ትፈልጋለች በለው። አብሮህ ለሚሠራው ለሐሙሲቱ ልጅም ሰላም በልልኝ። ማሬ እጅ ትነሳለች፤ አንተን ሳታውቅህ ስለምትፈራህ ደህና ቃል ጻፍላት። መምሬ ደምሴ በጸሎታቸው ያስቡሃል። ፈሪዳም ሰላም ብላሃለች። አባዬ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሲመርቁህ እያየኋቸው ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት አባዬ ማንም ሳይመጣ፣ በሩም ሳይንኳኳ ማሬን አስነሺኝ ሲሏት ሰማሁ። ተነስተው ቆሙና ወደ በሩ እያዩ ቆዩ። ምን ሆነዋል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለካሳሁን ነው» አሉኝ። አባት ለልጁ አይነሳም እኮ፣ ልጅ ነው ጎንበስ ብሎ ጉልበት የሚስም አልኳቸው። «አውቃለሁ። ለእሱ ግን እነሳለሁ፣ ብዙ ዓመት ሆኖታል» አሉ። ስለዚህ ስትመጣ የገዛ ቤቴ ነው ብለህ ዘው እንዳትል። አንኳኳ። ማሬ ከውስጥ ይቆዩ ትልሃለች። ሊረዝምብህ ይችላል፣ አንዴ ተነስተው መልሰው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ሻንጣህን አስቀምጠህ ቁም። ኖር ሲሉህ ትገባለህ።

የምትወድህ እህትህ
የምስራች ይሻው
ደብረ ታቦር
የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.